የ«ተሻለች» ሶሎ

ጋሼ ወልደአማኑኤል ከሆስፒታል ሲመለሱ ግራ ጉንጫቸው እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ፣ አፋቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። በሆቴሉ ጓሮ ሲጠብቋቸው የዋሉት ሦስቱ የባንዱ ልጆች ባንዴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ድዳቸው ላይ የወጣው እብጠት ያ ክፉ በሽታ እንዳይሆን ሁሉም ፈርተው ከርመዋል። ስሙን የሚጠራው ግን አልነበረም።

«አይደለም» አሉ ጋሼ ጨርቁን ገለጥ አድርገው። «የበሰበሰ ጥርስ ነው። ሦስት ነቀሉልኝ፣ መግሉን አፈሰሱት፣ ሂድ አሉኝ።»

ከበሮ መቺው ኸይሩ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ጭኑን በጥፊ መታ። ፒያኖ ተጫዋቿ ዘርትሁን ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጠረገች። ቤዝ ተጫዋቹ ፈቃደ ደግሞ እንደ ሕፃን አቅፏቸው፣ ከደረታቸው ላይ ቶሎ አልላቀቅ አለ። ከሁሉም ይልቅ ልቡ ተሰቅሎ የከረመው እሱ ነበር።

«ልቀቀኝ፣ ገና አልጨረስኩም» አሉት። «የተነቀሉት የፊቶቹ ናቸው። ያለ ፊት ጥርስ ትራምፔት አይነፋም። የሰው ሠራሽ ጥርስ ቢተከልልኝ እንኳ ከንፈሬ እንደ ድሮው ይሁን አይሁን እንጃ። ለሆቴሉ ባለቤት ለወይዘሮ አበባ ግን በጥር አዲሱ አዳራሿ ሲመረቅ ‹ተሻለች›ን እንጫወትልሻለን ብያታለሁ። ቃሌን አላጥፍም። ሶሎውን ፈቃደ ይወስደዋል።»

«እኔ? በቤዝ?»

«በምን ታዲያ፣ በጎማ?»

ኸይሩ ሳቀ። ፈቃደ አልሳቀም። ከደቂቃ በፊት የነበረው ደስታ ተነቅሎ ሄደ።

ዘመኑ ስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ነበር። ፈቃደ ገብረ መድህን ከአሰላ ወደ ናዝሬት በሚያስወጣው መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት ነበረው። ስንዴ የሚጭኑት መኪኖች ሁሉ እሱ ጋ ይቆሙ ነበር። የከባድ መኪና ጎማ ከቸርኬው ሲያላቅቅ የዳበረው እጁ ቆመው ለሚጫወቱት ትልቅ ቤዝ፣ ለኮንትራባስ፣ የተፈጠረ ነው ብለው የመረጡት ጋሼ ወልደአማኑኤል ናቸው። እሳቸው ከጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል በጡረታ ሲወጡ፣ ወደ ባለቤታቸው አገር ወደ አሰላ የመጡት ያንን ቁም ሣጥን የሚያህል መሣሪያ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስረው ነው። ፈቃደን ከዜሮ አስተምረው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ከሥር ሆኖ ኮርዱን፣ አብረው የሚሰሙትን ድምፆች ጥምር፣ ጠብቆ የሚሄድ፣ የማይዛነፍ ቤዝ ተጫዋች አደረጉት።

ሶሎ ግን ሌላ ነገር ነው። ፈቃደ ጆሮውን የፈታው በቅኝት ነው። ትዝታ ከሆነ ትዝታ፣ ባቲ ከሆነ ባቲ፤ አንዴ ከገቡበት እስኪያልቅ እዚያው ነው። የጋሼ ጃዝ እንዲህ አልነበረም። ገና አንዱን ኮርድ ሳይለምዱት ይለወጣል፣ የተለወጠውን ሳያጣጥሙት ሌላ ይተካል። ባለፈው ዓመት ሳጉሬ ከተማ አንድ የእህል ነጋዴ ልጃቸውን ሲድሩ፣ ጋሼ በድንገት «በል ያንተ ነው» ብለው ጠቁመውት ነበር። ፈቃደ ደህና ጀመረ። ኮርዱ ሲለወጥ ግን እሱ በነበረበት ቀረ። ሌሎቹ ሲሄዱ እሱ በቆመበት መጫወቱን ቀጠለ፣ ድምፁም ከሌላ ሠርግ ቤት የሚመጣ መሰለ። የሙሽራይቱ አባት ጭፈራቸውን አቋርጠው መጡና «ምነው፣ ዕቃው ተበላሸ እንዴ?» ብለው ጠየቁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ፈቃደ ማንም እንዳይጠቁመው ለምኖ ነው የኖረው።

አሁን ደግሞ «ተሻለች»። ጋሼ ራሳቸው የደረሱት፣ በባለቤታቸው ስም የሚጠራ፣ ከሚጫወቱት ሁሉ የከበደው ዜማ። መካከሉ ላይ ኮርዱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይንከራተታል። ቤት ደረስኩ ሲሉ በሩ ላይ ተጠምዝዞ ይሄዳል። ጋሼ በትራምፔታቸው እዚያ ውስጥ ሲመላለሱ ፈቃደ ከሥር ሆኖ ይደነቅ ነበር። እኔ እገባበታለሁ ብሎ ግን አስቦ አያውቅም።

ዘርትሁን የትምህርት ቤት መምህርት ናት። ፒያኖ የተማረችው በልጅነቷ አዲስ አበባ ሚሲዮን ቤት ነው። ማታውን አስባ አንድ መላ ይዛ መጣች።

«ሶሎውን እኔ በኖታ ልጻፍልህ። አንተ በቃልህ አጥናው። ማን ያውቃል?»

ፈቃደ ይሄ መዳኛው መሰለው። የጻፈችለትን ለሁለት ሳምንት ያህል ከሥራ በኋላ እየተቀመጠ አንድ በአንድ ለቀመው። ቀለሙ ባልደረቀው አዳራሽ ልምምድ ሲያደርጉ ጥሩ ጀመረ፣ ጋሼም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መካከል ላይ አንዲት ጣት አመለጠችው። አንዲት ድምፅ ብቻ። ከእሷ በኋላ ያለው ሁሉ ጠፋ። አንድ ቃል እንደዘለለ ዳዊት ደጋሚ፣ ከመጀመሪያው ካልተነሣ በቀር መቀጠል አልቻለም። ቆመ። ሌሎቹም ቆሙ።

«ያጠናኸውን ተጫወትክ» አሉት ጋሼ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ። «እኛን ግን አልሰማኸንም። ብንጠፋም አታውቅም ነበር።»

በማግሥቱ ፈቃደ ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆሞ ዘርትሁንን ጠበቃት። «እኔ ትቼዋለሁ» አላት። «ለጋሼ አንቺ ንገሪልኝ። ፊታቸውን ማየት አልችልም።»

ዘርትሁን ወደ አዳራሹ ይዛው ሄደች። የጻፈችለትን ወረቀት ከቤዙ አጠገብ አንሥታ በአራት ቀደደችው።

«ኖታውንስ መተው ነው» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሶሎ በቃል አይያዝም። ለመሆኑ ከዚህ በኋላ አንዲትም ኖታ ማስታወስ የለብህም ብልህ ምን ትላለህ?»

ፈቃደ የተቀደደውን ወረቀት አየ። ደረቱ ላይ የተቀመጠ ኩንታል የወረደለት ያህል ትንፋሹ ከሆዱ ወጣ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ ነዋ የምለው!»

«እንግዲያው ቤዙን ተወው። ዝፈን።»

«ድምፅ የለኝም።»

«ድምፅህን ማን ፈለገው?»

ፒያኖው ላይ ተቀምጣ አንድ ኮርድ ያዘች። «ይሄ መሠረቱ ሶል ነው፣ ታውቀዋለህ። ውስጡ ግን ፋ አለች። ፈልጋት።» ፈቃደ እየተንጠራራ፣ እየወረደ አገኛትና በጎርናና ድምፁ ያዛት። «ጥሩ። እንዳትለቃት። አሁን ወደ ዶ ልሄድ ነው።»

ኮርዱ ሲለወጥ ያቺ ፋ በጉሮሮው ውስጥ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሆነችበት። መታገሥ አልቻለም። ድምፁ በራሱ ጊዜ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ሚ ላይ ዐረፈ።

«ውረድ ብሎ ማን ነገረህ?» አለች ዘርትሁን።

«ማንም። ቆረቆረችኝ።»

«ይኸው ነው! በየኮርዱ ውስጥ እንዲህ የምትቆረቁር አንዲት ድምፅ አለች። መውጫዋ ደግሞ ሁልጊዜ ቅርብ ነው፣ ከጣትህ አጠገብ። ሃያ ድምፅ አትፈልግ። እሷን ብቻ ፈልጋት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈቃደ ጎማ ሲፈታም፣ የተበሳ ካላማዳሪ ሲለጥፍም ይዘፍን ጀመር። የሚዘፍነው ዘፈን ግን አልነበረም። አንዲት ድምፅ ይይዝና ይቆያል፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ደግሞ ሌላ ይይዛል። ሾፌሮቹ እርስ በርሳቸው ይተያዩ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ባለቤቱ ብርቄ ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች ትኩር ብላ አየችው።

«ቆይ እስቲ፣ ፈቃደ። ይቺ ፋ፣ ፋ የምትላት ማን ናት?»

ነገሩን እስኪያስረዳት ድረስ ወጡ ቀዘቀዘ።

በታኅሣሥ መጨረሻ ጋሼ «እስቲ ቤዙን ቤቴ አምጣና ልስማህ» አሉት። ቤታቸው ከከተማው በላይ፣ ወደ ጭላሎ ተራራ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። እሑድ ረፋድ ላይ ፈቃደና ዘርትሁን ቤዙን ከአቧራ ለመከላከል በነጭ አቡጀዲ ጠቅልለው የባለጋሪው የቶላ ጋሪ ላይ አጋደሙት። ዘርትሁን አኮርዲዮኗን ታቅፋ ከፊት ተቀመጠች፣ ፈቃደ ከኋላ በእግሩ ተከተለ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ጋሪውን ሲያዩ መንገድ ለቀቁ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ወይኔ! የማነው? ምነው ሳንሰማ?» ብላ ጮኸች፣ ሌሎቹም ተቀበሏት።

ቶላ ደንግጦ ጋሪው ላይ ቆመ። «ሬፋ ሚቲ! ኧረ ሬሳ አይደለም፣ እናቶቼ! ክራር ነው!»

«የዚህ ቁመት ክራር!» አሉ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን መልሰው እየደፉ።

ፈቃደ አቡጀዲውን ገልጦ እስኪያሳያቸው ድረስ ማንም አላመነም። ከዚያ በኋላ የተሳቀው ሳቅ እስከ ዳገቱ ተከተላቸው።

ጋሼ ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰሙት። ዘርትሁን በአኮርዲዮኗ ኮርዶቹን ያዘችለት፣ ፈቃደም ተጫወተ። አንድም የተሳሳተ ድምፅ አልነበረበትም። እያንዳንዱን ኮርድ ፈልጎ አገኘው፣ ከእያንዳንዱም በደህና ወጣ። ግን ከብዶት ነበር። እያንዳንዷን ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚያወጣት ሁሉ በዝግታ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በሐዘን ተጫወታት። ሲጨርስ ጋሼ ጢማቸውን አሻሹ።

ከበሩ ላይ የሴት ድምፅ መጣ። «ለመሆኑ ሞቻለሁ?»

እትዬ ተሻለች ነበሩ፣ የጋሼ ባለቤት። ክንዳቸውን አጣምረው ቆመው ነበር።

ፈቃደ ደነገጠ። «ምነው፣ እትዬ?»

«ይሄ የኔ ዜማ አይደለም እንዴ? በስሜ ነው የተደረሰው። አንተ ግን ገና ሳልሞት ታለቅሰኛለህ።»

«ዜማው የሐዘን መስሎኝ ነው» አለ ፈቃደ። «ኮርዱ ሲንከራተት…»

«አንተ አልነገርከውም?» አሉ እትዬ ወደ ባላቸው ዞረው።

«ኮርዱን ነገርኩት» አሉ ጋሼ።

«ኮርዱን!» እትዬ ተሻለች መጥተው በርጩማው ጫፍ ላይ ባላቸውን ገፋ አድርገው ተቀመጡ። «ስማኝ ልጄ። አዲስ አበባ ሳለን ተስቦ ያዘኝ። ሆስፒታል አስገቡኝ። እሱን አላስገቡትም፣ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የከረመው። ዛሬ ተሽሏታል ይሉታል። ደስ ብሎት ገና ሳይቀመጥ፣ ትኩሳቱ ተመለሰ ይሉታል። ዓይኗን ገለጠች ይሉታል፣ ደግሞ ማንንም አታውቅም ይሉታል። ይሄን ዜማ በራሱ ውስጥ ሲያዞር የነበረው እዚያ ወንበር ላይ ነው። አንድ ቀን ዶክተሩ ወጣና ‹ውሰዳት› አለው።»

እትዬ ሳቃቸው መጣባቸው። ጋሼም መሬት መሬት እያዩ ፈገግ አሉ።

«ይሄ ሰውዬ ሬሳዋን ውሰድ ያሉት መሰለው! ግድግዳውን ይዞ ቀረ። እኔ በዚህ መሐል በገዛ እግሬ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ሲያየኝ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? ሳቀ። ኮሪደሩ ሙሉ በሽተኛ እያየው ሳቀ፣ እየሳቀ ደግሞ አለቀሰ።» እትዬ ጣታቸውን አነሡና የዜማውን የመጨረሻ ሐረግ በቀስታ አንጎራጎሩ። «ይኼውልህ። እዚህ ጋ ነው የወጣሁት።»

ፈቃደ ያንን ሐረግ ስንት ጊዜ ከሥር ሆኖ አጅቦታል። መጨረሻ መሆኑን እንጂ ሰው የሚወጣበት በር መሆኑን አያውቅም ነበር።

«ሁሉም ኮርድ ወደዚያ ነው የሚያየው» አሉ ጋሼ በመጨረሻ። «አንተ እያንዳንዱን ለየብቻው መከራ አድርገኸዋል። ከመነሻው አትነሣ። ከመድረሻው ጀምር። የመጨረሻዋን ብቻ ተጫወት። እሷን ስትወዳት ከፊቷ ያለውን ጨምር። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ። የት እንደምትሄድ ያወቅህ ቀን መንገዱ አያስፈራህም።»

የቀሩትን ቀናት እንዲያ አሳለፉ። ዘርትሁን የመጨረሻዎቹን ሁለት ኮርዶች ደጋግማ ትይዝለታለች፣ ፈቃደ በየጊዜው በሌላ አኳኋን ይደርሳል። አንዴ ከላይ ወርዶ፣ አንዴ ከታች ወጥቶ፣ አንዴ ደግሞ አንዲት ድምፅ ላይ ተንጠልጥሎ ቆይቶ። ከዚያ አንድ ኮርድ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ሌላ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከመሐል ተነሥቶ፣ ከዚህ በፊት ተጫውቶት የማያውቀውን ነገር እየተጫወተ መሆኑን አወቀ። ጣቱ የሚሄድበትን እሱም እንደ ሰሚ ነበር የሚሰማው። ሲጨርስ ኸይሩ በትሮቹን ከበሮው ላይ አስቀምጦ «ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለው።

«እኔ እንጃ» አለ ፈቃደ፣ እውነቱን ነው።

የምረቃው ቀን እሑድ ከሰዓት ነበር። ወይዘሮ አበባ አዳራሹን በወረቀት አበባ አሸብርቀውታል። የጠቅላይ ግዛቱ ሹማምንት፣ ነጋዴዎች፣ በአካባቢው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት የሚሠሩ ስዊድኖች ከነሚስቶቻቸው ተቀምጠዋል። ፈቃደ ከአማቹ የተዋሰውን ጥቁር ኮት ለብሶ፣ እጅጌው ከክርኑ ብዙም ሳይርቅ ቀርቶበት ነበር። ብርቄ ከኋላ በኩል ቆማ ታየዋለች። ጋሼና እትዬ ከፊት ናቸው። ጋሼ ትራምፔታቸውን አልያዙም። ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ምን እንደሚያደርጉት ያላወቁ ይመስሉ ነበር።

«ተሻለች» ተጀመረ። ዘርትሁን ዜማውን በፒያኖ ተጫወተችና ለፈቃደ ራሷን ነቀነቀችለት።

የመጀመሪያውን ዙር ያለ ችግር ሄደ። እንዲያውም መሐል ላይ ከእሱ በፊት ማንም ያላሰበው የመሰለው አንድ መንገድ ታይቶት ገባበት፣ ወጣም። ሁለተኛውን ዙር ሲጀምር ከኋላ አንድ አስተናጋጅ የብርጭቆ ትሪ ከእጁ አመለጠው። አዳራሹ ሁሉ ዘወር አለ። የፈቃደም ልብ አብሮ ዘወር አለ፣ ሲመለስ የት እንደነበረ አያውቀውም። ከየትኛው ኮርድ ላይ ናቸው? ሳጉሬ ትዝ አለው።

የድሮው ፈቃደ ቢሆን መጫወቱን ይቀጥል ነበር፣ ባለበት፣ ብቻውን። አሁን ግን እጁን ከአውታሩ አነሣ። ከኸይሩ ከበሮዎች መካከል የነሐሱ ጸናጽል ብቻ ይንሿሿል። ፈቃደ ዓይኑን ጨፍኖ የዘርትሁንን ግራ እጅ ሰማ። አንድ ኮርድ አለፈ። ሌላም አለፈ። ከዚያ በሦስተኛው ውስጥ ያቺን ቆርቋሪ ድምፅ አገኛት። ያዛት። ወፍራሙ አውታር ላይ ረዘም አድርጎ አስጮኻት፣ ኮርዱም ሲለወጥ ግማሽ ድምፅ አወረዳት። እዚያ ላይ የት እንደሆነ አወቀ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ከመድረሻው ጀምሮ ያውቀዋል። አልቸኮለም። ኮርዶቹ ሲንከራተቱ አብሯቸው ተንከራተተ፣ ትኩሳቱ ሲመለስ፣ ሲበርድ፣ ደግሞ ሲመለስ። መጨረሻው ሲቀርብ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንደመጣ አልታወቀውም። ከላይ ጀምሮ እየተንደረደረ ወረደ፣ እትዬ ጫማቸውን ይዘው ከወጡበት በር ላይ ደረሰ።

የመጀመሪያውን እልልታ ያቀለጡት እትዬ ተሻለች ናቸው። ከዚያ አዳራሹ ተነሣ።

ፈቃደ በጓሮ በር ወጥቶ የሆቴሉ የውሃ ማጠራቀሚያ በርሜል ላይ ተደግፎ ቆመ። ጋሼ ተከትለውት መጡ።

«ያቺ ዝምታ» አሉ። «ሁለተኛው ዙር ላይ። አጠገቤ የተቀመጠው ስዊድን ‹እንዴት ያለ ዝምታ ነው› አለኝ። ሆን ብለህ ነው?»

ፈቃደ ሊዋሽ ቃጣው፣ ተወው። «ጠፍቶብኝ ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። «እኔም ሁልጊዜ እዚያው ጋ ነበር የምጠፋው! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ትራምፔት ስለሚጮህ ማንም አላወቀብኝም።»

«እርስዎ?»

«እኔ።» ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ በረደና በርሜሉ ላይ አብረውት ተደገፉ። «ጥርሴን ሲነቅሉት ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ? ይሄ ዜማ ከኔ ጋር አበቃ አልኩ። ለተሻለች አልነገርኳትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደህና እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም። ዛሬ እተኛለሁ።» የፈቃደን ትከሻ መታ መታ አድርገው፣ ሚስታቸው ወደሚጠሯቸው ሄዱ።

ፈቃደ ብቻውን ቀረ። የከሰዓት በኋላው ብርድ ከጭላሎ እየወረደ ነበር። አየሩን እስከ ሆዱ ድረስ ሳበው፣ መልሶም አስወጣው። የሚፈራው ነገር ፈልጎ አጣ።

ወይዘሮ አበባ በሩ ላይ ብቅ አሉ። «ፈቃደ! ዘግይተው የመጡ እንግዶች አሉ፣ ይድገሙልን እያሉ ነው።»

«እሺ፣ እትዬ» አለ። «ብቻ ትንሽ ይታገሡኝ። ከትናንት ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም።»

ብርቄ ቀድማ አስባበት ኖሯል፣ ክትፎ በእንሰት ቅጠል ይዛ ከኩሽናው በኩል መጣች። ፈቃደ የአማቹን ኮት አውልቆ በርሜሉ ላይ ጣለውና፣ እዚያው ቆሞ የሁለት ሰው ድርሻ በላ።